የትልቋ ጀልባ አልጋ

የሞቱት ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጥንድ አድርገው ከአልጋው ሥር አስቀምጠው ነበር። መነጽራቸውና የጆሮ መስሚያቸው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ናቸው፤ በቀኝ እጃቸው መለኪያ ሜትር ይዘዋል። ፊታቸው ግን፣ ወይ ጉድ፣ ሲሮጥ ውሎ እንደገባ ልጅ ቀልቷል።

መርማሪዋ አጎንብሳ ወደ ጀልባዋ ካቢን ገባችና አየሩን አሸተተች። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ በፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ። እሷም ታውቃለች፤ ቅር አይላትም። ካቢኗ ሁለት ጠባብ አልጋና አንዲት ትንሽ በር ብቻ ያላት ክፍል ናት። ጀልባዋ ውሃ ላይ አይደለችም፤ ከሐይቁ ሃምሳ እርምጃ ርቃ፣ ያገለገሉ ጀልባዎች በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ፣ ተሳቢ ላይ ተቀምጣለች።

«እኛ መጀመሪያ ልባቸው ነው ብለን ነበር» አለ ሳጅኑ ከውጭ ሆኖ። «የልብ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ ብለን።»

«ልብ እንዲህ አያቀላም» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «የሞተር ጭስ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ተንፍሰውታል። ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ውስጥ።»

«ሞተሩ ግን ጠፍቷል» አለች መርማሪዋ። «ቁልፉስ?»

«በረንዳው ላይ፣ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር በቦታው ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት» አለ ሳጅኑ።

«ጎበዝ ሬሳ ነው! ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ሰቀለ፣ ተመልሶ ተኛ።»

ሳጅኑ አልሳቀም። «እኔም ለዚህ ነው ገዳዩን የያዝኩት» ብሎ በአገጩ አመለከተ። ከበረንዳው ምሰሶ ሥር አንድ ግራሶ የጠጣ ቱታ የለበሰ ሰው እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። «የግቢው መካኒክ ነው፤ ቡሎን ይሉታል። እዚህ ሞተር የሚያስነሳ እሱ ብቻ ነው። ከዚህ በፊትም ሰው ደብድቦ ሁለት ዓመት ታስሯል። መኪናችን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ጭኜው እሄዳለሁ።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የጂኦሜትሪ አስተማሪ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «ኮምፓስ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ስሙ ተከትሏቸው ቤታቸው ድረስ ገባ። ኮምፓስ የዕድሜ ልክ ቁጥባቸውን ይዘው የሞተር ጀልባ ሊገዙ መጡ። ለአቅማቸው የሚሆኑ ሁለት ነበሩ። ትንሿ አምስት ሜትር ከሃያ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላዋ የተንጠለጠለ፣ በቤት መኪና የምትጎተት። ትልቋ ስምንት ሜትር፣ ሞተሯ ሆዷ ውስጥ፣ ለመጎተት የጭነት መኪና የምትፈልግ፣ ነዳጅ ሲያሳዩዋት የማትጠግብ። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱን ሲለኩ፣ ሲያንኳኩ፣ ከሥራቸው ተንበርክከው ሲያዩ ሰነበቱ፤ ያዩትንም ሁሉ በደብተር ጻፉ። ደብተሩ ከትራሳቸው ሥር ተገኘ። መርማሪዋ እዚያው ቆማ ገጽ በገጽ አነበበችው፤ የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ትንፍሽ ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቡሎን ስትቀርበው ፊቱን አዞረ።

«ምን ላውራዎት? ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል።»

«እኔ አልፈረድኩም። የምፈርድበት ጊዜም የለኝም። ጠዋት ምን ተደረገ?»

«አራት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ጀልባ አስነሳሁላቸው። እያንዳንዳቸውን አሥር አሥር ደቂቃ። ሽማግሌው፣ ልጃቸው፣ አማቻቸው፣ የግቢው ባለቤት ማዳምም ሳትቀር ቆመው ያዩ ነበር።»

«ደረቅ መሬት ላይ?»

«በውሃ ጎማ ነዋ! ሞተሩ ውሃ ካላገኘ የፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል። ጎማውን ከቧንቧው ስቤ ሞተሩ እግር ላይ፣ ውሃ በሚስብበት ቀዳዳ፣ እገጥመዋለሁ። ይህንንም ለሁሉም አሳየሁ። ስለ ጭሱም ተናገርኩ።»

«የምን ጭስ?»

«የትልቋ ጭስ ማውጫ ቱቦ ከአልጋው ጀርባ ተቀድዷል። በሩ ተዘግቶ ሞተሩ ከተነሳ ጭሱ ካቢኑ ውስጥ ነው የሚገባው። ሽማግሌው በደንብ ስለማይሰሙ ጮክ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ማዳም በዓይኗ ልትበላኝ! ገበያዋን ዘጋሁባታ።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ኮምፓስ ብቻቸውን መጡ። ‹ያ ቱቦ በስንት ቀን ይጠገናል?› አሉኝ። ሁለት ቀን አልኳቸው፤ ሄዱ። እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ ጋደም አልኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ የትልቋን ሞተር ሰማሁ። ማዳም ለሌላ ገዢ እያሳየች ነው ብዬ ዝም አልኩ። ይህንኑ ለሳጅኑ ብነግረው በካቴና መለሰልኝ።» ካቴናውን ወደ እሷ አነሳ። «አሁን ከገባሁ አልወጣም። እኔን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ወደ ቢሮው አመራች። ማጽናናት አትችልበትም፤ ስትሞክርም ይበላሽባታል።

ማዳም ቢሮዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ለቅሶ ላይ ያለች ሳይሆን ዕቃ የተሰበረባት ሰው ትመስላለች።

«ሦስት ቀን ወንበር አውጥቼ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ መጨረሻው ሬሳ! አሁን ያቺን ጀልባ ማን ይገዛኛል?»

«ስለ ጀልባዋ አልጠየቅኩዎትም። ምሳ ላይ ምን ነበር?»

«እዚሁ በረንዳ ላይ ተጣሉ። አማቻቸው ትልቋን ሊያስገዛቸው ይፈልጋል፤ ሐይቁ ላይ ሰው እየጫነ ሊያንሸራሽርባት። ‹ሥራዬን ለቅቄያለሁ› አላቸው። ‹ማን ልቀቅ አለህ?› አሉት። ‹ስስታም!› ሲላቸው ብድግ ብለው ‹ትንሿን ነው የምወስደው፤ ጨርሻለሁ!› አሉ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ተበተነ።»

«ሞተር ሰምተዋል?»

«ስምንት ሰዓት ላይ፣ የትልቋን። ቡሎን እየፈተሻት ነው ብዬ ከስልኬ ቀና አላልኩም። እሱ ነው የምለውም ለዚህ ነው። ደግሞ ሌላም ማስረጃ አለኝ።» ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። የውሃው ጎማ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። «አሥራ አንድ ዓመት ‹ጎማውን ሰብስብ› እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንድ ቀን ሰብስቦት አያውቅም፤ እንደ ሞተ እባብ ወርውሮት ነው የሚሄደው። ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ጥሎት ስሰድበው ነበር። አሁን ግን ይኸው ተሰቅሏል! ሰው ገድሎ ካልደነገጠ በቀር ምን ነካው?»

«ጥሩ ማስረጃ ነው» አለች መርማሪዋ። ማዳም የተመሰገነች መስሏት ሳጅኑን በኩራት አየችው።

መርማሪዋ ወደ ጀልባዎቹ ተመልሳ በሁለቱ መሃል ቁጢጥ አለች። የግቢው መሬት አመድ የመሰለ አቧራ ነው፤ ፀሐዩም ምሕረት የለውም። ከትንሿ ሥር ጠዋት የፈሰሰው ውሃ ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ከትልቋ ሥር ግን ጣቷን ስትሰድ ጭቃው ጥፍሯ ድረስ ገባ።

«ምን አገኘሽ?» አለ ሳጅኑ።

«ጭቃ።»

«ጭቃማ ይታየኛል።»

«ከትንሿ ሥር ግን አይታይህም» አለችና ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። የተጠቀለለውን ጎማ አውርዳ ጫፉን ይዛ ሳበችው። ጎማው አንዴም ሳይጠማዘዝ፣ አንዴም ሳይቋጠር፣ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። መርማሪዋ ቤቷ ውስጥ አትክልት የምታጠጣበት ጎማ አላት፤ በሳበችው ቁጥር እየተቋጠረ ጠዋት ጠዋት የምትሰድበው። ስለዚህ ይህ ነገር ደነቃት። «አየህ አይደል?» አለችው ሳጅኑን። «ምኑን?» አለ። «ያየኸውን አትርሳው» ብላው ሄደች።

የሟቹ ልጅ መኪናቸው ውስጥ፣ በሩን ከፍታ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«እግዜር ያጽናሽ። አባትሽ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ?»

«አባዬ? ሁልጊዜ። መስሚያውን ያወጣና በቃ፣ ቤት ቢፈርስ አይሰማም። አውቶቡስ ውስጥ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ እንኳ ያንኮራፋል።»

«መስሚያውን ማን ገዛላቸው?»

«ባሌ። እሱ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ለሰርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ ይተክላል። ለአባዬ ጆሮ ያስተካከለውም ራሱ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። አሥር ዓመት መሃላቸው ተፈጨሁ። ዛሬም ሰልችቶኝ መስታወቱን ዘግቼ፣ አልቅሼ ተኛሁ። ባሌ ወደ ሐይቁ ሄደ። ማዳም ስትጮህ ነው የነቃሁት።»

አማችየው አሁንም ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ነበር። መርማሪዋ ከመጋዘኑ የተተበተበ የኤሌክትሪክ ገመድ በክንዷ ይዛ መጣች።

«ይህን ያዝልኝ እስቲ፣ ልጽፍ ነው። ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

ገመዱን ተቀበላት። «እዚሁ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም፤ ደስ ይበልዎት።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ምን ሰማህ?»

«ምንም። ያ የእንጨት ቤት መጋዝ ጆሮዬን ሲበጥሰኝ ዋለ እንጂ። ይሰማዎታል? መጋዙን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ ሊቆም ሲል ያፏጫል።»

መርማሪዋ ጆሮዋን አቀናች። የእንጨት ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ፉጨቱን ለመስማት ትንፋሿን መያዝ ነበረባት። «የጀልባ ሞተርስ?»

«አልሰማሁም። አልሰማሁም አልኩ!»

«ሽማግሌውን ትጠላቸው ነበር?»

«እሳቸው ናቸው የሚጠሉኝ! አሥር ዓመት ሙሉ ‹ሽቦ ጎታቹ› ነው ስሜ። እንግዳ ፊት፣ ሚስቴ ፊት። አንድ ጊዜ ሰው ልሁን ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ፤ ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ፤ ጀልባዋ ያለችበት ኮፍያ ሳይቀር አሳተምኩ። እሳቸው ‹ትንሿን› አሉ። እልኻቸውን ሊወጡብኝ! ነገ በየት በኩል ነው የማልፈው? ማን ፊት?»

ይህን ሁሉ ሲናገር እጆቹ ሥራ ይዘው ነበር። አንዱን ዙር ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ገልብጠው ወደ ሥር፣ እንደገና ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ሥር። አንዴም ዝቅ ብሎ አላያቸውም። ሲጨርስ ገመዱ ክብ ሆኖ ተጠቅልሏል።

«ተባረክ» አለች መርማሪዋና ተቀበለችው። «ና፣ ሁሉም ይጠብቁናል።»

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉም ትልቋ ጀልባ ሥር ቆሙ። ማንም ማንንም አላየም። ሬሳው ወጥቷል፤ አልጋው ላይ የሰውየው ቅርጽ ቀርቷል።

«ካቴናውን ፍታለት» አለች መርማሪዋ።

«ምን?» ሳጅኑ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ሥራ አለው። ቡሎን፣ የትልቋን ፓምፕ ክፈትልኝ።»

ቡሎን እጁን አሻሽቶ ሞተሩ እግር ሥር ተንበረከከ። አራት ብሎን ፈታ፤ የአበባ ቅርጽ ያላትን ላስቲክ መዝዞ ለሁሉም አሳየ። «ደህና ናት። አልተቃጠለችም።»

«ሐኪሙ አርባ ደቂቃ ብሏል። አርባ ደቂቃ ያለ ውሃ ብትሠራስ?»

«አመድ ነበር የማወጣልዎት።»

«ስለዚህ ገዳዩ ውሃ ሰጥቷታል። ጭቃውም ይህንኑ ይላል፤ ጠዋት ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ውሃ ፈሰሰባቸው፤ የትንሿ ደረቀ፣ የትልቋ አልደረቀም። ከሰዓት በኋላ እንደገና ፈስሷል ማለት ነው።» ቀና አለች። «እስቲ አስቡት። ሰው እየገደለ ነው፤ የሞተሩ ላስቲክ ግን እንዳይቃጠልበት ተጠንቅቋል። ለሰውየው ያልራራ ለጀልባዋ ራራ። ጀልባዋን የሚፈልጋት ሰው ነው።»

«የሚፈልጋትማ ባለቤቷ ናት!» አለ አማችየው።

«አፍህን ዝጋ!» አለች ማዳም።

«ሁለታችሁም ቆዩ። ገዳዩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን መልሶ፣ ጎማውን ሰብስቦ ሄደ። ለምን? ሽማግሌው በልባቸው፣ በእንቅልፋቸው የሞቱ እንዲመስል። እንዲህ ያሰበ ሰው ሞተር የሚል ቃል ከአፉ አያወጣም። ቡሎን ግን ማንም ሳያስገድደው ‹ሞተር ሰማሁ› አለ። ማዳምም አለች። እሱ እሷ ናት ብሎ፣ እሷ እሱ ነው ብላ። ስምንት ሰዓት ላይ ምንም ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከግቢው ማዶ ያለ መጋዝ ቺንጋው መላላቱን ለይቶ የሰማ፣ ድምፅ እንጀራው የሆነ ሰው ነው።»

አማችየው ሳቀ። «አልሰማሁም ስላልኩ ነው? በዚህ ልትሰቅሉኝ?»

«በዚህ ብቻ አይደለም። ቡሎን፣ ጎማውን እንደለመድከው ጠቅልለው።»

ቡሎን በክርኑና በመዳፉ መሃል ዘባርቆ ጠቀለለው። መርማሪዋ ጫፉን ስትስበው ሦስት ቦታ ተቋጠረ።

«አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው!» አለች ማዳም፣ ሳታስበው።

«ሳጅን፣ ከግድግዳው ያወረድኩት ጎማ ግን እንዴት ነበር?»

ሳጅኑ አሰበ። «ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። አንድም ቋጠሮ የለውም።»

«አሁን ይህን እዩ።» ከሐይቁ ዳር ያመጣችውን ገመድ አንስታ ጫፉን ይዛ ወረወረችው። ገመዱ አየር ላይ ተፈትቶ፣ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ተኛ። «አንዱ ዙር ወደ ላይ፣ አንዱ ተገልብጦ ወደ ሥር። የድምፅ ባለሙያዎች ገመዳቸውን እንዲህ ነው የሚሰበስቡት፤ አዳራሽ ውስጥ እንዳይቋጠርባቸው። ይህን የጠቀለለው አማቻቸው ነው፤ ከእኔ ጋር እየተጣላ፣ እጁን ሳያየው። የውሃውን ጎማም ያው እጅ ነው የጠቀለለው። ጎማው መሬት ላይ ቢተው ኖሮ ቡሎን ጠዋት የጣለው ይመስለን ነበር። እጁ ግን ጥሎ መሄድ አልቻለም።»

 ልጅየዋ ወደ ባሏ እጆች አየች፤ እሱም እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ቁልፉ ላይ ያለው አሻራ ነገ ይደርሰኛል» አለች መርማሪዋ። «ብትፈልግ እስከ ነገ ጠብቅ።»

«ተኝተው አገኘኋቸው!» አማችየው ጮኸ። «ልለምናቸው ነው የተመለስኩት፤ በእግዜር ስም፣ ልለምናቸው! ትልቋ አልጋ ላይ ተጋድመው ያንኮራፋሉ። ለእኔ የነፈጉኝን ጀልባ መኝታ አደረጓት! ሲያላግጡብኝ ነው አልኩ። መስሚያቸውን አውጥተዋል፤ ብጮህስ ማን ሊሰማኝ? በሩን ገፋሁት፤ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ…» አልጨረሰውም።

«ትንሿን የመረጠ ሰው ትልቋ ውስጥ ሜትር ይዞ ምን ሊለካ ገባ ብለህ አልጠየቅክም?»

«ምን ሊለኩ?»

ቡሎን አቀርቅሮ ተናገረ። «ቱቦውን ጠግናት ብለውኛል። ትልቋን። ‹ማታ ራት ላይ ነው የምነግረው፤ ሰድቦኛልና እስከዚያ ይብገን፤ አደራ አፍህን ያዝ› አሉኝ። አደራ ስላሉኝ ነው ዝም ያልኩት።»

መርማሪዋ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ ሰጠችው። «ድምፅህን አውጥተህ አንብበው። ሚስትህ ትስማ።»

ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። «‹ትንሿ ለእኔ ትበቃ ነበር። ዓሣ ለማጥመድ ትልቅ ጀልባ አያስፈልግም። ትልቋን እወስዳለሁ። ልጁ ይንዳት፤ ሥራ ይሁነው። አፉ ክፉ ነው፣ እጁ ግን ንጹሕ ሠራተኛ ነው። እሱ ሰው ሲያንሸራሽር እኔ የግራው አልጋ ላይ እተኛለሁ። የአልጋው ርዝመት አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት።›» 

ልጅየዋ ደብተሩን ከእጁ ነጥቃ የቀረውን ራሷ አነበበች። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። «‹ይበቃኛል።›»

ደብተሩን ዘግታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ባሏ ስሟን ሲጠራ አልዞረችም። «ከፊቴ አንሱልኝ» አለች ለሳጅኑ። «አባዬ እስኪቀበር እንኳ እንዳላየው።»

የሳጅኑ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደተባለው መጣ፤ ጭኖ የሄደው ግን ሌላ ሰው ነው። ቡሎን አንጓውን እያሻሸ መኪናው ከበሩ እስኪወጣ አየ። ከዚያ አራቱን ብሎን መልሶ አጠበቀ፤ መሣሪያውን ሰበሰበ። ጎማውን ግን መሬት ላይ እንደተቋጠረ ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ። ማዳም አየችው፤ ምንም አላለችውም።